ጋብቻና ውህደት፦ የአውሮፓ ስደተኞች ልጆች በአሜሪካ
(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

ጥያቄው

ከ1880 እስከ 1920 ባሉት ዓመታት ከ20 ሚሊዮን በላይ ስደተኞች አሜሪካ ገቡ። ብዙዎቹ ከጣሊያን፣ ከፖላንድና ከሩሲያ የሄዱ ካቶሊኮችና አይሁዶች ነበሩ። በየሰፈራቸው ተሰባስበው ኖሩ፤ በየቋንቋቸው ጋዜጣ አነበቡ፤ ልጆቻቸውንም ከወገናቸው ዳሩ። ዛሬ ግን በአባቱ ጣሊያናዊ፣ በእናቱ አየርላንዳዊና ፖላንዳዊ የሆነ አሜሪካዊ ማንንም አያስገርምም። እንዴት እዚህ ተደረሰ?

መጀመሪያ የላላው አጥር

ሩቢ ጆ ሪቭስ ኬኔዲ የተባሉ የሶሲዮሎጂ ምሁር ከ1870 እስከ 1940 በኒው ሄቨን ከተማ የተፈጸሙ ጋብቻዎችን መርምረው ጥናታቸውን በ1944 አሳተሙ። ሰዎች ከሌላ አገር ተወላጅ ጋር መጋባት ቢጀምሩም፣ ከሃይማኖታቸው የሚወጡት ጥቂቶች እንደነበሩ አሳዩ። ጣሊያናዊው አየርላንዳዊት ካቶሊክ ያገባል፤ ጀርመናዊው ፕሮቴስታንት ስዊድናዊት ፕሮቴስታንት ያገባል፤ አይሁድ ከአይሁድ ይጋባል። የሃይማኖቱ አጥር በስፋት የላላው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባደገው ትውልድ ነው።

ምክንያቶቹ

ፍቅር ብቻውን ይህን አላመጣም፤ ሰው የሚያገባው የሚያገኘውን ሰው ነውና። የ1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጣውን ሰው በእጅጉ ስለቀነሰ፣ የስደተኞቹን ሰፈሮች በአዲስ መጤ የሚያድስ ጠፋ። የሕዝብ ትምህርት ቤት ልጆቹን በእንግሊዝኛ አሳደገ። ጦር ሠራዊቱ ወጣቶቹን ቀላቀላቸው። በ1944 የወጣው ሕግ ደግሞ ለተመላሽ ወታደሮች የኮሌጅና የቤት መግዣ ድጋፍ ሰጠ፤ የጣሊያኑና የአየርላንዱ ልጅ በአዳዲስ መንደሮች ጎረቤት ሆኑ።

ለጥቁሮች የተዘጋው በር

ይህን ልብ በሉ፦ ያው በር ለጥቁር አሜሪካውያን አልተከፈተም። ከ1947 ጀምሮ በኒው ዮርክ የተገነባው ሌቪታውን የተባለ አዲስ መንደር ጥቁሮችን አያስገባም ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 ላቪንግ በሚባለው የጋብቻ ጉዳይ ክልከላውን እስኪሽር ድረስም፣ በ16 ግዛቶች ነጭና ጥቁር መጋባት በሕግ የተከለከለ ነበር።

ዛሬ የቀረው

የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ሄርበርት ጋንስ በ1979 እንደጻፉት፣ ለአውሮፓ ስደተኞቹ የልጅ ልጆች የዘር ሐረግ በአብዛኛው ምልክት ሆኗል፦ የበዓል ምግብ፣ የቤተሰብ ስም፣ የአያት ታሪክ። ሲፈልጉ ያነሡታል፤ ሲፈልጉ ይተዉታል። ሥራም ሆነ ቤት አያስከለክላቸውም።

ስለዚህ አንድ ሕዝብ ለምን አልተዋሃደም ብለን ስንጠይቅ፣ የመጤውን ፈቃድ ብቻ አንመዝን። ጎረቤት፣ የትምህርት ቤት ጓደኛና አማች እንዲሆን ተፈቅዶለት እንደነበረም እንጠይቅ።