ቦምቦቹና ሣጥኖቹ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሰኔ ወር 1944 ዓ.ም. የጀርመን ጦር ቪ-1 የተባለውን አብራሪ የሌለው በራሪ ቦምብ በለንደን ከተማ ላይ መልቀቅ ጀመረ። አንዱ ሰፈር ደጋግሞ ሲመታ ሌላው ሳይነካ መቅረቱ ስለ ታየ፣ ቦምቦቹ ተጠጋግተው ይወድቃሉ የሚል ወሬ ተሰማ። ወሬው እውነት ከሆነ ጠላት ሰፈር እየመረጠ መምታት ችሏል ማለት ነው።

ለመሆኑ ያለ ምርጫ የተጣለ ነገር እንዴት ይደለደላል? ሦስት ጠጠሮች በሦስት ሣጥኖች ውስጥ በዘፈቀደ ተጣሉ እንበል። እያንዳንዱ ጠጠር ከሦስቱ ሣጥኖች በአንዱ ሊያርፍ ስለሚችል፣ ጠጠሮቹ የሚደለደሉባቸው መንገዶች 3 × 3 × 3፣ ማለትም 27 ናቸው። ለየሣጥኑ አንዳንድ ጠጠር የሚደርስባቸው መንገዶች ግን 3 × 2 × 1፣ ማለትም 6 ብቻ ናቸው። በቀሩት 21 መንገዶች ቢያንስ አንድ ሣጥን ባዶውን ይቀራል። ዕጣ ለሁሉም እኩል የሚያዳርስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ስሌቱ የሚያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው።

አር. ዲ. ክላርክ የተባለ የኢንሹራንስ ሒሳብ ባለሙያ በ1946 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ወሬውን በዚሁ መንገድ መረመረው። ከደቡብ ለንደን 144 ካሬ ኪሎ ሜትር ቦታ ወስዶ በ576 እኩል አራት ማዕዘኖች ከፈለው። በቦታው የወደቁት ቦምቦች 537 ነበሩ። እንግዲህ አራት ማዕዘኖቹ እንደ ሣጥን፣ ቦምቦቹም እንደ ጠጠር ተቆጠሩ።

አንድ ቦምብ አንድን የተወሰነ አራት ማዕዘን የመሳት ዕድሉ 575/576 ነው። ሁሉም ቦምቦች ያንኑ አራት ማዕዘን የመሳታቸው ዕድል የሚገኘው ይህ ክፍልፋይ 537 ጊዜ ተደጋግሞ ሲባዛ ነው፤ ውጤቱም 0.3933 ያህል ይሆናል። ይህ በ576 ቢባዛ ወደ 227 ይጠጋል። ስለዚህ ቦምቦቹ የወደቁት በዘፈቀደ ከሆነ 227 ያህል አራት ማዕዘኖች ሳይነኩ መቅረት አለባቸው። ክላርክ ቆጥሮ ያገኘው 229 ነው። አንድ አንድ ቦምብ የወደቀባቸው በስሌት 212 ያህል ሲሆኑ በቆጠራ 211፣ ሁለት ሁለት የወደቀባቸው ደግሞ በስሌት 99 ያህል ሲሆኑ በቆጠራ 93 ሆኑ። ልዩነቱ ወሬውን የሚደግፍ አልነበረም።

በአንደኛው አራት ማዕዘን ላይ ብቻ ሰባት ቦምቦች ወድቀዋል። በዚያ የኖሩ ሰዎች ጠላት በተለይ በእኛ ላይ አነጣጥሯል ብለው ቢያምኑ አይፈረድባቸውም፤ ሆኖም አምስትና ከዚያ በላይ ቦምብ የሚወድቅባቸው አንድ ወይም ሁለት አራት ማዕዘኖች እንደሚኖሩ ስሌቱ ራሱ ያመለክታል።