«ፑት ኦፍ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ግሥ በሥርዓቱ ስለ መጠቀም

የእንግሊዝኛ ተማሪ «ፑት» ማስቀመጥ፣ «ኦፍ» ደግሞ ከአንድ ነገር መለየት ወይም መራቅ መሆኑን ለየብቻ አጥንቶ ሲያበቃ፣ ሁለቱ ተጋብተው «ፑት ኦፍ» በሆኑ ጊዜ የሚሰጡትን ምሥጢር የየቃሉን ፍቺ ደምሮ ለማግኘት ቢደክም ድካሙ ከንቱ ይሆንበታል፤ እኛም «ዝም አለ» ስንል ሰውዬው አንዳች አለማለቱን እንናገራለንና፣ በገዛ ቋንቋችን የለመድነው ጠባይ በባዕድ ልሳን ሲገጥመን ሊያስደንቀን አይገባም።

ስለዚህ አስቀድሞ የሚሠራው ሥራ፣ ግሡ የሚስበው ምን እንደ ሆነ መመርመር ነው። ተሳቢው ጉባኤ፣ ጉዞ ወይም ሠርግ ከሆነ ትርጓሜው ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ይሆናል፤ «ዊ ፑት ኦፍ ዘ ሚቲንግ» ያለ ሰው «ስብሰባውን ለሌላ ቀን አስተላለፍነው» ማለቱ ነው። ተሳቢው ሰው ሲሆን ግን ነገሩ ይረቃል። እኔ ራሴ በተማሪነቴ ዘመን «ዘ ስሜል ፑት ሚ ኦፍ» የሚለውን «ሽታው ለሌላ ቀን አስተላለፈኝ» ብዬ ተርጕሜ ክፍሉን ሁሉ አሥቄአለሁ፤ ለካስ ተናጋሪው «ሽታው ፍላጎቴን ዘጋው» ማለቱ ኖሯል። እንዲሁም ሥራ ላይ ያለን ሰው በጫጫታ አሳቡን መበተን፣ አልፎ አልፎም ባለዕዳ አበዳሪውን ዛሬ ነገ እያለ ማመላለሱ፣ በዚሁ ግሥ ይነገራል፤ ከነዚህ የትኛው እንደ ሆነ የሚለየው የንግግሩ አገባብ ብቻ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የቃላቱን ተራ መጠበቅ ያስፈልጋል። ተሳቢው ስም ከሆነ ከ«ኦፍ» በፊትም ሆነ በኋላ ቢገባ ነውር የለበትም፤ ተውላጠ ስም ሲሆን ግን የግድ በመካከል ይገባል፤ «ፑት ኢት ኦፍ» እንጂ «ፑት ኦፍ ኢት» አይባልም። ሌላ ግሥ ሲከተለውም «ቱ ጎ» ሳይሆን «ጎይንግ» ይባላል፤ «ሺ ፑት ኦፍ ጎይንግ» ማለት «መሄዷን አስተላለፈችው» ነው። «ፑት» በኃላፊ ጊዜም መልኩን አይለውጥምና፣ ትናንትን ለማመልከት መጨረሻውን ለማስረዘም የሚሞክር ይሳሳታል። ሲጻፍ ደግሞ «ኤፍ» የተባለው ፊደል ሁለት ጊዜ መግባቱን ልብ ይሏል፤ አንዱ ቢጎድል ሌላ ቃል ይሆናል፤ ንባቡም «ኦቭ» ነው።

በ1611 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቈጣጠር የታተመውን፣ በንጉሥ ጄምስ ስም የሚጠራውን መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው ሌላ ትርጓሜም ያገኛል። በዚያ መጽሐፍ ሙሴ በኮሬብ ጫማውን እንዲያወልቅ የታዘዘው፣ ቅዱስ ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች አሮጌውን ሰው አስወግዱ ያለው፣ በ«ፑት ኦፍ» ተነግሯል። ዛሬ ግን ልብስና ጫማ ማውለቅ «ቴክ ኦፍ» ስለሚባል፣ ካፖርቱን ለማውለቅ በቀድሞው ቃል የሚናገር እንግዳ ሰሚዎቹን ግር ያሰኛቸዋል።

በመጨረሻም ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ «ፖስትፖን» የተባለው ቃል ይመረጣል፤ እርሱም ከላቲን የመጣ ሆኖ መሠረቱ «ኋላ ማስቀመጥ» ነው። ለወዳጅና ለጎረቤት ንግግር ግን «ፑት ኦፍ» ይበቃል።