ዕድሜው የገፋ ሰው ለረጅም የቢስክሌት ጉዞ እንዴት ይሰናዳ?

በብዙ አገሮች ለበሽተኞች መታከሚያ ወይም ለችግረኞች መርጃ የሚሆን ገንዘብ ለመሰብሰብ ሲባል ረጅም የቢስክሌት ጉዞ ይደረጋል። ሥርዓቱም እንዲህ ነው፤ ተጓዡ ከመነሣቱ አስቀድሞ ዘመዶቹን፥ ጎረቤቶቹንና የሥራ ባልደረቦቹን እየዞረ ያነጋግራል፤ እነርሱም መንገዱን ሲፈጽም ይህን ያህል እንሰጣለን ብለው ስማቸውን በመዝገብ ያሰፍራሉ። በእንግሊዝ አገር ከሎንዶን እስከ ብራይተን የሚደረገው ጉዞ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ርቀቱ 54 ማይል፥ ማለት 87 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ገንዘቡ ለልብና ለደም ሥር በሽታ ምርምር ይውላል።

በአገራችንም አንድ መምህር ወይም አንድ ነጋዴ በሃምሳ ወይም በስድሳ ዓመቱ እንዲህ ያለውን በጎ ሥራ ሊመኝ ይችላል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ቢሾፍቱ ደርሶ መመለስ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከእንግሊዞቹ ጉዞ ጋር ይተካከላል። ምኞቱ የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን ያለ ዝግጅት ቢፈጸም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን የዝግጅቱን መንገድ በየተራው እንመለከታለን።

ሀ) ዕድሜና ሰውነት

ልብ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊመታ የሚችለው ከፍተኛ ቁጥር ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ ይሄዳል። በ20 ዓመት ወጣት ዘንድ 195 ያህል የሆነው፥ በ60 ዓመት ሰው ዘንድ በአማካይ ወደ 165 ይወርዳል። ጡንቻም ካልሠሩበት ይሟሽሻል፤ ድካም ቶሎ አይለቅም፤ የውሃ ጥም ስሜትም ይደክማል።

ይሁን እንጂ ‹‹ከእንግዲህ ወዲህ ሰውነቴ አይታዘዝልኝም›› ማለት ስሕተት ነው። ሮቤር ማርሻን የተባለው ፈረንሳዊ ቢስክሌተኛ እ.ኤ.አ. በ1911 ተወልዶ በ2021 በ109 ዓመቱ ዐረፈ። ተመራማሪዎች በ101 ዓመቱና በ103 ዓመቱ ሰውነቱን መርምረው፥ ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛ የኦክሲጅን መጠን በ13 ከመቶ ጨምሮ አገኙት። በዓመት 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳ ነበር፤ ከዚህም ከአምስት እጅ አራቱን በቀስታ፥ አንዱን እጅ ብቻ በብርታት ነበር። እርግጥ ነው፥ በአንድ ሰው ብቻ ለሁሉ መፍረድ አይገባም። ከታሪኩ የምንማረው ግን ሰውነት በእርጅናም ጊዜ ትምህርት እንደሚቀበልና መምህሩም ትዕግሥት እንደሆነ ነው።

ለ) አስቀድሞ ሐኪም ዘንድ መሄድ

ተጓዡ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት የደም ግፊቱን፥ የደም ስኳሩንና የልቡን ሁኔታ ያስመርምር። የሚወስዳቸውንም መድኃኒቶች ሁሉ ለሐኪሙ ያሳይ። የልብን ትርታ የሚያዘገዩ መድኃኒቶች ስላሉ፥ እነዚህን የሚወስድ ሰው የትርታውን ቁጥር ብቻ አይቶ ድካሙን ለመመዘን አይችልም። የስኳር በሽተኛ ደግሞ በረጅም ጉዞ ላይ የደሙ ስኳር በድንገት ሊወርድበት ስለሚችል፥ የመድኃኒቱንና የምግቡን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ይወስን።

ሐ) የአሥራ ስድስት ሳምንት ልምምድ

ብዙ ዘመን ቢስክሌት ያልነካ ሰው በመጀመሪያ ለአንድ ወር በሜዳማ መንገድ ላይ በሳምንት ሦስት ቀን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይንዳ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ቀን ለረጅም መንገድ ይመድብ። የርቀቱም ቅደም ተከተል በኪሎ ሜትር እንዲህ ቢሆን ይበጃል፤

ከ1ኛ እስከ 4ኛ ሳምንት፦ 20፥ 25፥ 30፥ 20፤
ከ5ኛ እስከ 8ኛ ሳምንት፦ 35፥ 40፥ 45፥ 30፤
ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሳምንት፦ 50፥ 55፥ 60፥ 40፤
ከ13ኛ እስከ 15ኛ ሳምንት፦ 65፥ 70፥ 35።

በ16ኛው ሳምንት ጉዞው ይፈጸማል። አንባቢ እንደሚያስተውለው፥ በየአራተኛው ሳምንት ርቀቱ ያንሳል፤ ሰውነት የሚጠነክረው በድካም ጊዜ ሳይሆን ከድካም በኋላ ባለው ዕረፍት ነውና። ከረጅሙ መንገድ ሌላ በሳምንት ሁለት ቀን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ መንዳት፥ ሁለት ቀንም ከወንበር ላይ እየተነሡ መቀመጥንና ደረጃ መውጣትን የመሰለ የጡንቻ ማጠንከሪያ መሥራት ይገባል። የቀሩት ቀኖች የዕረፍት ናቸው።

የፍጥነቱ መለኪያ ቀላል ነው። ነጂው ከጓደኛው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገረ ለመሄድ ከቻለ ልኩን ይዟል፤ ቃል በቃል እየቆረጠ የሚያለከልክ ከሆነ ግን ይቀንስ። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ስለሚያንስ፥ ከቆላ የመጣ ሰው አየሩን እስኪለምድ ድረስ ይበልጥ ይጠንቀቅ።

መ) ቢስክሌቱን ለሰውነት ማስማማት

የጉልበትና የወገብ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከኮርቻው አለመስተካከል ነው። ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ተረከዝን ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ እግር ቀጥ ማለት አለበት፤ የእግር ፊት በፔዳሉ ላይ ሲሆን ግን ጉልበት ጥቂት መታጠፍ ይገባዋል። ዳገት ላይ ቀላል ማርሽ አስገብቶ እግርን ቶሎ ቶሎ ማዞር፥ በከባድ ማርሽ ከመታገል ይሻላል። ፍሬን፥ ጎማና ካቴና በየጊዜው ይመርመሩ፤ የራስ መከላከያ ቆብም በምንም ምክንያት አይቅር።

ሠ) ምግብ፥ ውሃና ንጽሕና

ጥም ሳይጠብቁ በየ15 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት እየተጎነጩ በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ንጹሕ ውሃ መጠጣት ይበቃል፤ ሙቀት ሲበረታ ይጨመራል። ከመጠን በላይ መጠጣት የደምን ጨው ስለሚያቀጥን እርሱም ይጎዳል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ። ለስንቅ ሙዝ፥ ዳቦና አባቶቻችን ለመንገድ የሚይዙት በሶ መልካም ናቸው። የሚጾም ሰው ባዶ ሆዱን ረጅም መንገድ ከሚነዳ የጉዞውን ቀን ቢለውጥ ይሻላል።

ከምግብ በፊት የካቴና ቅባት የነካውን እጅ በሳሙና መታጠብ አይዘንጋ። በላብ የራሰ ልብስ ከኮርቻው ጋር ሲፋተግ ቆዳን ያቆስላልና፥ ስፌቱ የማይጎረብጥ ንጹሕ ልብስ መልበስ፥ ከጉዞም በኋላ ወዲያው ታጥቦ መለወጥ ያስፈልጋል። ወድቆ የተላጠ ሰው ቁስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና አጥቦ ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጤና ጣቢያ ይጠይቅ።

ረ) ቃል መግባትና ማቆም

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይህ ነው። ለራሱ ደስታ የሚነዳ ሰው ደረቱን ቢያመው ወርዶ ይቀመጣል። ለበጎ አድራጎት የሚነዳው ግን በመዝገቡ ላይ የሰፈሩት ስሞች ይታዩታል፤ ‹‹ባቆም ገንዘቡ ይቀራል፤ ሰውም ይታዘበኛል›› ብሎ ሕመሙን ይደብቃል። በዚህ ጊዜ ለሰው ሕይወት የታሰበው ጉዞ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

መድኃኒቱም ከጉዞው በፊት የሚሰጥ ነው። ገንዘብ ሰጪዎች ስጦታቸው በመድረስ ላይ ሳይሆን በመሰናዳትና በመነሣት ላይ የተመሠረተ እንዲሆን አስቀድመው ይስማሙ። ተጓዡም ብቻውን አይሂድ፤ ‹‹አቁም›› ሲለው ሊታዘዘው ቃል የገባለት ጓደኛ ይኑረው። ደረት ላይ የመጫን ስሜት፥ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፥ ቀዝቃዛ ላብ፥ መፍዘዝ ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ሲመጣ ወዲያው ወርዶ መቀመጥና አምቡላንስ ማስጠራት ግዴታ ነው። ‹‹ጥቂት ልሞክር›› ማለት አይገባም።

ይህ ጥንቃቄ በተለይ በጉዞው መጨረሻ ላይ ያስፈልጋል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ መኻል ከተማ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ስለምትገኝ፥ ሲሄዱ ቁልቁለቱ ያታልላል፤ ዳገቱ የሚጠብቀው በመመለሻው፥ ጉልበት ባለቀበት ሰዓት ነው። በብራይተንም መንገድ ላይ ዲችሊንግ ቢከን የተባለው ኮረብታ የሚገኘው ወደ ጉዞው ማብቂያ ነው። በትምህርት ላይ ሳለን በዚያ ኮረብታ ሥር ቆመን ስንመለከት፥ ብዙ ሰዎች ከቢስክሌታቸው ወርደው እየገፉ ይወጡ ነበር። የሳቀባቸው አልነበረም፤ ከኮረብታውም በኋላ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ወደ ባሕሩ ወረዱ።

ለመምህራን፤ በክፍል ውስጥ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

1. በየአራተኛው ሳምንት ርቀቱ የሚቀነሰው ስለ ምንድን ነው?
2. በ15ቱ የልምምድ ሳምንታት ውስጥ በረጅም መንገድ ቀኖች ብቻ በጠቅላላው ስንት ኪሎ ሜትር ይነዳል?
3. ተጓዡ ወዲያው እንዲያቆም የሚያስገድዱት ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?
4. አባትህ ወይም እናትሽ እንዲህ ላለው ጉዞ ቢነሡ፥ የገንዘብ ሰጪዎቹ ቃል እንዴት ተጽፎ ቢቀርብ ይሻላል? ቃሉን ጽፋችሁ አምጡ።