ባል አልበላም ያለው ገብስ፦ የማዕድ ሳይንስ በአሰላ

አሰላ ከተማ የሚኖሩ አንድ መምህርንና ባለቤታቸውን በምሳሌነት እናስብ። ወይዘሮዋ የገብስ ገንፎ ሲያቀርቡ መምህሩ «ጉሮሮዬ ላይ ይጣበቃል» ይላሉ። ጎመኑ ይመርራቸዋል፤ የባቄላ ንፍሮው ይጠጥርባቸዋል፤ ወተቱ ሆዳቸውን ይነፋቸዋል። ደስ ብሏቸው የሚበሉት ነጭ የስንዴ ዳቦ፣ ፓስታና ሥጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ወይዘሮዋ ማታ ማታ ሁለት ድስት ይጥዳሉ፦ አንዱን ለባለቤታቸው፣ ሌላውን ለራሳቸውና ለልጆቹ። ልጆቹም የአባታቸውን ሳህን እያዩ የራሳቸውን መግፋት ጀምረዋል።

ለመሆኑ ሰው አንድን ምግብ ለምን ይጠላል? ብዙዎቻችን «አመል ነው» ብለን እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ የመምህሩን አራት ቅሬታዎች አንድ በአንድ ብንመረምር አራት የተለያዩ መንሥኤዎች እናገኛለን። መንሥኤው ከታወቀ መፍትሔው በአብዛኛው ከዚያው ማድቤት አይርቅም።

ገብሱ ለምን ይጣበቃል?

በጭላሎና በካካ ተራሮች ዙሪያ የተዘረጋው የአርሲ ደጋ ጥንታዊ የገብስ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ ሥራ የጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ካስፋፋ በኋላ ግን ስንዴ በማሳውም በማዕዱም ላይ ቦታውን አሰፋ።

ገንፎውን የሚያጣብቀው ቤታ ግሉካን የሚባል የአሰር ዓይነት ነው። ከገብስ ክብደት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 በመቶ የሚሆነው ይኸው ውሁድ ሲሆን፣ በስንዴ ውስጥ የሚገኘው ግን 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቤታ ግሉካን በውሃ ሲሟሟ ይወፍራል። በአንጀት ውስጥም እንዲሁ ወፍሮ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል፤ የሐሞት አሲድን ይዞ በመውጣትም የደም ኮሌስትሮል እንዲወርድ ይረዳል። ለዚህ ውጤት በቀን 3 ግራም እንደሚያስፈልግ የአሜሪካና የአውሮፓ የምግብ ተቆጣጣሪዎች ተቀብለውታል። ይህም 5 በመቶ ቤታ ግሉካን ካለው ዱቄት 60 ግራም ያህል ማለት ነው። እንግዲህ መምህሩ የጠሉት ጠባይና ለጤና የሚጠቅማቸው ጠባይ አንድ ሆነው ተገኙ።

መፍትሔው የአቀራረቡን መልክ መለወጥ ነው። ገብስ ሲቆላ ስኳሮቹና የፕሮቲን ክፍሎቹ በሙቀት ተዋሕደው አዲስ መዓዛና ቡናማ ቀለም ይሰጣሉ። ይህ ሂደት ፈረንሳዊው ኬሚስት ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። ገንፎ የማይወድ ሰው ቆሎ ወይም በቅቤ የታሸ ጩኮ ላይገፋ ይችላል። ለዳቦ ደግሞ በአራት እጅ የስንዴ ዱቄት ላይ አንድ እጅ ገብስ መጨመርና ቤተሰቡ ሲለምደው ጥቂት በጥቂት ከፍ ማድረግ ይቻላል። የገብሱ መጠን በጨመረ ቁጥር ዳቦው መንፋቱን ስለሚቀንስ መቸኮል አያስፈልግም።

ጎመኑ ለምን ይመርራል?

እ.ኤ.አ. በ1931 አሜሪካዊው ኬሚስት አርተር ፎክስ በቤተ ሙከራ ሲሠራ አንድ ዱቄት በአየር ላይ በነነ። ባልደረባው ምሬቱን ሲያማርር ፎክስ ግን ምንም አልቀመሰም። ይህ ልዩነት በዘር እንደሚወረስ ቆይቶ ተረጋገጠ፤ ዋናው ዘረ-መልም እ.ኤ.አ. በ2003 ተለየ። በጎመን ዘሮች ውስጥ ያሉ አንዳንድ ውሁዶችም ይህንኑ የምላስ ተቀባይ ይቀሰቅሳሉ። ስለዚህ ባልና ሚስት ከአንድ ሳህን እየበሉ አንዳቸው የሚመርራቸውን ሌላው ላይቀምሱት ይችላሉ። ወይዘሮዋ «አይመርርም» ሲሉ፣ መምህሩም «ይመርራል» ሲሉ ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ።

ጥቂት ጨው የምሬትን ስሜት ይቀንሳል፤ ዘይትና የተቁላላ ሽንኩርትም ያለዝቡታል። ጎመን በረጅሙ ሲቀቀል የድኝ ሽታው ይበረታል፤ ቫይታሚን ሲው ደግሞ ከፊሉ በሙቀት ይጠፋል፣ ከፊሉም በሚደፋው ውሃ ይሄዳል። ስለሆነም ጎመንን ለአጭር ጊዜ ማብሰል ለምላስም ለጤናም ይበጃል።

ባቄላው ለምን አይበስልም?

ሦስተኛው ቅሬታ የምላስ ሳይሆን የፊዚክስ ጉዳይ ነው። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። እሳቱን ብንጨምር ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ አይሞቅም። በመሆኑም ባቄላ ከአሰላ ይልቅ አዳማ ላይ ቶሎ ይበስላል።

ሦስት ነገሮች ይረዳሉ፦ ባቄላውን ሌሊቱን መዘፍዘፍ፤ አሲድ መለስለሱን ስለሚያዘገየው ቲማቲምን ባቄላው ከበሰለ በኋላ መጨመር፤ ከተቻለም እንፋሎቱን አፍኖ በግፊት በሚያበስል ድስት መጠቀም። ምጣድ ግን ከዚህ ገደብ ነጻ ነው። የሚቆላው እህል ውሃ ውስጥ ስላልሆነ ሙቀቱ ከ92 ዲግሪ እጅግ ይበልጣል። ቆሎና በሶ በደጋም ያለችግር የሚሰናዱት ለዚህ ነው።

ወተቱስ?

የወተትን ስኳር፣ ማለትም ላክቶዝን፣ የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም በብዙ የዓለም ሰዎች ሰውነት ውስጥ ከሕፃንነት በኋላ ይቀንሳል። ያልተፈጨው ላክቶዝ በአንጀት ባክቴሪያዎች ሲብላላ ጋዝ ይፈጥራል። እንዲህ ያለውን ሰው «ጠጣው፣ ትለምደዋለህ» ብሎ ማስገደድ ተገቢ አይደለም። እርጎ ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ ከፊሉን ላክቶዝ ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል፤ አይብ ሲወጣም አብዛኛው ላክቶዝ ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ወተት የማይስማማው ሰው እርጎና አይብ ሊስማሙት ይችላሉ። አንድ ምግብ በተበላ ቁጥር ማስመለስ፣ የቆዳ ሽፍታ ወይም የክብደት መቀነስ ከታየ ግን ጉዳዩ ከማድቤት ወደ ሐኪም ይሻገራል።

አንድ ድስት

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለው ዋጋ ቀላል አይደለም። ሁለት ድስት እጥፍ ማገዶና እጥፍ ድካም ነው፤ ይህም በአብዛኛው በእናት ላይ ይወድቃል። ልጆችም መብላትን የሚማሩት ከምክር ይልቅ ወላጆቻቸው ሲበሉ በማየት ነው። በሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት አንድን አዲስ ምግብ ለመልመድ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልግ ይችላል። አባት በየቀኑ ሳህኑን የሚገፋ ከሆነ ልጁ ያን ያህል ጊዜ የመቅመስ ዕድሉ ይጠብባል።

እንግዲህ የመምህሩ ድርሻ «አልበላም» ከማለት አልፎ «ለምን» የሚለውን መመለስ ነው፦ መረረኝ፣ ጠጠረብኝ፣ ተጣበቀብኝ ወይስ ነፋኝ? ማታ ባቄላውን መዘፍዘፍና ገብሱን መቁላትም ከእርሳቸው አቅም በላይ አይደለም። የወይዘሮዋ ድርሻ ደግሞ ምክንያቱን እንደ እውነት ተቀብሎ ዘዴውን መለወጥ ነው። ወጡ በአንድ ድስት ይሠራል፤ ሚጥሚጣው፣ ቅቤውና አይቡ ለየብቻ ቀርቦ እያንዳንዱ እንደ ምርጫው ይጨምራል።

ውድ ተማሪዎች፣ በቤተ ሙከራችሁ ቴርሞሜትር ካለ በአካባቢያችሁ ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ለኩ። ከዚያም ከአንድ ማሳ የተገኘ ባቄላ በሁለት ከፍላችሁ ግማሹን ዘፍዝፉ፤ ሁለቱንም በእኩል እሳት ቀቅላችሁ ለመብሰል የፈጀባቸውን ጊዜ መዝግቡ። ያገኛችሁትን ልዩነት ማታ በማዕድ ዙሪያ ለቤተሰባችሁ ንገሩ።