ጥቂት ቃል የተሰጠው ተዋናይ
(ስለ ዉዲ ስትሮድ ሕይወትና ሥራ የቀረበ አጭር ጥናት)

ባለፈው ወር የቲያትር ክበባችን ለዓመቱ መጨረሻ ከሚያዘጋጀው ድርሰት ውስጥ አንድ ጓደኛችን የደረሰውን ክፍል አንብቦ መልሶ ሰጠን። ምክንያቱን ብንጠይቀው፥ «ሦስት ዐረፍተ ነገር ለመናገር ስል ሁለት ወር ሙሉ አልለማመድም» አለ። ተቈጣን እንጂ የምንመልስለት በቂ ቃል አላገኘንም ነበር።

በዚያው ሰሞን «ስፓርታከስ» የተባለውን ፊልም በኅብረት ተመልክተን ነበርና ክርክሩ ወደዚያው ዞረ። ፊልሙ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። በውስጡ ሎሬንስ ኦሊቪየርን፣ ቻርልስ ሎተንን፣ ፒተር ዩስቲኖቭን የመሳሰሉ ንግግር የሚያጣጥሙ ታላላቅ ተዋንያን አሉበት። ሆኖም ሲያልቅ ሁላችን ያነሣነው ብዙውን ጊዜ «ኢትዮጵያዊው ግላዲያተር» እየተባለ ስለሚጠራው ስለ ድራባ ነበር። ድራባ ከመጀመሪያው ሰዓት አያልፍም፤ የሚናገረውም በጣት የሚቈጠር ነው። ከመካከላችን አንዳንዶቹ «የእኛ ሰው ነው» ብለው ኮሩ። ሌሎቹ ግን፥ «ዝም ብሎ መጥቶ ዝም ብሎ የሞተ ሰው ምን ያኮራል?» ሲሉ ተከራከሩ። ስለዚህ ይህ ሰው ማን እንደ ነበረና ዝምታውን ከየት እንዳመጣው ለመመርመር ተነሣን። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ሙሉ ስሙ ዉድሮው ዊልሰን ዉልዋይን ስትሮድ ይባላል። የተወለደው በሐምሌ 1914 በሎስ አንጀለስ ከተማ ነው። ስሙ በወቅቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው የዊልሰን ስም ነው፤ ያው ዊልሰን ግን በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጥቁር ሠራተኞች ከነጮች ተለይተው እንዲቀመጡ በመደረጉ ዘመን የገዛ ሰው ነበር። ስም መውረስና ዕድል መውረስ ለየቅል ናቸው።

ስትሮድ ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ነበረ፤ አካሉም በዘመኑ ብዙ የተወራለት ነበር። ገና ተማሪ ሳለ ሁበርት ስቶዊትስ የተባለው ሠዓሊ የስፖርተኞችን ሥዕል ሲሠራ እርሱንም ሥሎት ነበር። ሥዕሎቹ በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ ጊዜ ለትርኢት ቀርበው ሳለ፥ ጥቁሮችና አይሁድ በውስጣቸው ስለ ነበሩ ናዚዎች ትርኢቱን አዘጉት። ይህን የምናነሣው ለወሬ ያህል አይደለም። ሰውዬው ከወጣትነቱ ጀምሮ ሌሎች ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት፣ ነገር ግን «ምን ትላለህ?» ብለው የማይጠይቁት ሰው እንደ ነበረ ስለሚያስረዳ ነው።

በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲማር በ1939 ከኬኒ ዋሽንግተንና ኋላ በቤዝቦል ዝናው ከገነነው ከጃኪ ሮቢንሰን ጋር በአንድ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ተጫውቷል። (ይህ በእጅ ይዘው የሚሮጡት ጨዋታ ነው፤ ከእኛው እግር ኳስ ጋር እንዳይደባለቅ።) ከትምህርት ቤት ሲወጡ ግን በሩ ተዘግቶ ጠበቃቸው። ከ1934 እስከ 1945 ድረስ በአገሪቱ ትልቁ የሙያ ሊግ ውስጥ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። የሚከለክል የተጻፈ ደንብ የለም፤ የሚያስገባም የለም። በ1946 «ራምስ» የተባለው ቡድን ከክሊቭላንድ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር ሊጫወትበት የፈለገው ስታዲየም የሕዝብ ንብረት ነበርና፥ የጥቁሮች ጋዜጣ ጸሐፊዎች «በሕዝብ ገንዘብ በተሠራ ሜዳ ላይ ሕዝቡን መለየት አይቻልም» የሚል ክርክር አነሡ። በዚህ የተነሣ በመጀመሪያ ዋሽንግተን፣ ቀጥሎም ስትሮድ ፈረሙ። ይህም የሆነው ሮቢንሰን በትልቁ የቤዝቦል ሊግ ከመሰለፉ ከአንድ ዓመት በፊት ነው።

በሩ ተከፈተ እንጂ ወንበር አልተዘጋጀለትም። ስትሮድ በዚያ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው ከሜዳው ዳር ተቀምጦ ነው። ለራምስ ሲጫወት የተቀበላቸው ኳሶች አራት ብቻ ናቸው። ከዚያም ወደ ካናዳ ተሻግሮ ከካልጋሪ ቡድን ጋር በ1948 የአገሩን ዋንጫ አገኘ። ኋላም ለትርኢት በሚደረግ የትግል ግጥሚያ እንጀራውን ጋገረ።

ወደ ሲኒማ የገባውም በዚሁ አካሉ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ በፊልምና በቴሌቪዥን የሚሰጠው ሥራ በአብዛኛው ጦር ይዞ ከጫካ የሚወጣ «አፍሪካዊ» መሆን ነበረ። ስለዚያ ዘመን ሥራው ብዙ መጻፍ አያስፈልግም፤ ልብሱ ተመሳሳይ፣ ቃሉም ተመሳሳይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመን በ1956 የወጣው «ዐሥርቱ ትእዛዛት» ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ ሙሴ ገና የፈርዖን ቤት ልጅ ሳለ ከዘመቻ ሲመለስ የኢትዮጵያን ንጉሥ በምርኮኛነት ሳይሆን በወዳጅነት ይዞ ይገባል። ንጉሡ ስትሮድ ነው። ታሪኩ ከኦሪት አይደለም፤ ከጥንታዊው የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ከዮሴፍ የመጣ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም። በዚያው ፊልም ውስጥ የፈርዖንን ልጅ በቃሬዛ ከሚሸከሙት ሰዎች አንዱ ራሱ ስትሮድ ነው። በአንድ ፊልም ንጉሥም ተሸካሚም! ከመካከላችን አንዱ «ለፊልም ሠሪዎቹ ሁለቱም ጥቁር ትከሻ ስለ ነበሩ ነው» አለ። ፍርዱ መራራ ቢሆንም ሐሰት ነው ለማለት አልደፈርንም።

በ1960 ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ሆኑ። አንደኛው «ስፓርታከስ» ነው። እስኪ የድራባን ክፍል ቀስ ብለን እንመልከት። ስፓርታከስ ስሙን ሲጠይቀው ድራባ አይነግረውም፤ እዚህ ቤት ወዳጅ ማፍራት ነገ የምትገድለውን ሰው ማወቅ ነውና። ቀጥሎ ሁለቱ ከሮም የመጡትን እንግዶች ለማስደሰት እስከ ሞት እንዲፋለሙ ይመረጣሉ። ተራቸው እስኪደርስ በጠባብ የእንጨት ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ውጭ ሌሎች ሁለት ሲፋለሙ የብረቱ ድምፅ ይሰማል። ማንም አይናገርም። ስፓርታከስ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል፤ ድራባ ግን ትክ ብሎ ያየዋል። ያ አስተያየት ጥላቻ ነው? ኀዘን ነው? እኛ ሦስት ጊዜ መልሰን አይተን በሦስቱም ጊዜ ልዩ ልዩ መልስ ሰጥተናል።

ከዚያም በመረብና ባለ ሦስት ጣት ጦር ድራባ ያሸንፋል። ጦሩ በስፓርታከስ አንገት ላይ ነው፤ ከላይ የተቀመጡት እመቤቶች ግደለው ይላሉ። ድራባ ወደ ታች ያያል፤ ወደ ላይ ያያል። ከዚያ ጦሩን ወደ ተመልካቾቹ ወርውሮ ራሱ ወደ እነርሱ ይወጣል፤ ኦሊቪየር የሚጫወተው ክራሰስም አንገቱን በጩቤ ይወጋዋል። ለምን እንደማረው አንድ ቃል አልተናገረም። ሬሳው ግላዲያተሮቹ በሚኖሩበት ቤት ቁልቁል ተሰቅሎ በፊቱ ሲያልፉ እናያለን፤ የባሮቹ ዐመፅ የሚፈነዳው ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ ከእርሱ በኋላ የሚነገረው ሁሉ እርሱ ያልተናገረውን የሚያብራራ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም። ለዚህ ሥራው ለጎልደን ግሎብ ሽልማት ታጭቶ ነበር።

«የእኛ ሰው» የሚለውን ኩራት በሚመለከት ግን ማስተዋል ይገባል። ግሪኮችና ሮማውያን «ኢትዮጵያዊ» ሲሉ ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን ፊቱ የጠቈረ ሕዝብ ሁሉ ማለታቸው እንጂ የዛሬውን አገራችንን ለይተው መጥራታቸው አይደለም። ስለዚህ ድራባን በዜግነት የእኛ ማድረግ አይቻልም። በሌላ መንገድ የእኛ ሊሆን ይችል እንደሆነ ክርክሩ አላለቀም።

ሁለተኛው የ1960 ሥራው የጆን ፎርድ «ሰርጀንት ራትሌጅ» ነው። እዚህ ስትሮድ በመጨረሻ ንግግር አገኘ። ራትሌጅ የጥቁሮች ፈረሰኛ ጦር አሥር አለቃዎች ሁሉ የሚያከብሩት የበታች ሹም ነው፤ አንዲት ነጭ ልጃገረድን ደፍሮ ገድሏል፣ አባቷንም ገድሏል ተብሎ በጦር ፍርድ ቤት ይቀርባል። አምልጦ ነጻ መውጣት ሲችል ጓደኞቹ አደጋ ላይ መሆናቸውን አይቶ ተመልሷል። ዐቃቤ ሕጉ «ለምን ተመለስህ?» እያለ ሲያፋጥጠው ስትሮድ ከምስክር ወንበሩ ላይ የሚሰጠው መልስ፥ ክፍለ ጦሩ ቤቱ፣ ነጻነቱና ክብሩ መሆኑን የሚገልጽ ነው። ድምፁ ሲሰበር እንሰማለን፤ ያ ሁሉ ዓመት የት ተደብቆ ነበር ያሰኛል። የፊልሙ ስም የእርሱ ገጸ ባሕርይ ስም ሆኖ ሳለ ግን በተዋንያን ዝርዝር ላይ ስሙ ከጠበቃው ተዋናይ ከጄፍሪ ሀንተር በኋላ ነው የተጻፈው።

ወዲያው በጥር 1961 «ሮውሃይድ» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ውስጥ በአንድ ክፍል እንደዚሁ ጥቁር ፈረሰኛ ሆኖ ቀረበ። በ1962 ደግሞ በፎርድ «ሊበርቲ ቫላንስን የገደለው ሰው» ውስጥ ፖምፒ የተባለ አገልጋይ ሆኗል። በዚያ ፊልም ውስጥ ጐልማሶች በሚማሩበት ክፍል ፖምፒ ተነሥቶ የአሜሪካን የነጻነት ዐዋጅ በቃሉ ሲወጣ፥ ስለ ሰዎች እኩልነት የሚናገረው ሐረግ ላይ ሲደርስ ይጠፋበታል። መምህሩም ያንን ብዙ ሰው ይረሳዋል ብሎ ያጽናናዋል። ስትሮድ እጆቹን የት እንደሚያደርግ ልብ ብለን እንድናይ አንዲት የክፍላችን ልጅ አመለከተችን። እውነትም ትምህርት ነው፤ ትልቅ ሰው ተማሪ ሲሆን የሚያፍረው በእጁ ነው።

በ1968 ለጣሊያን ሲኒማ ሁለት ሥራ ሠራ። በቫሌሪዮ ዙርሊኒ ፊልም ውስጥ የፓትሪስ ሉሙምባን ሕይወት መነሻ ያደረገ የአፍሪካ መሪ ሆኖ ዋናውን ክፍል ተጫወተ። በሰርጆ ሊዮኔ «በአንድ ወቅት በምዕራቡ ዓለም» ውስጥ ደግሞ ባቡር ከሚጠብቁት ሦስት ነፍሰ ገዳዮች አንዱ ነው። ከላይ ከውሃ ማጠራቀሚያው ጠብ የሚል ውሃ ባርኔጣው ላይ ይወርዳል። አይሸሽም። ሲጠራቀም ባርኔጣውን አውልቆ ይጠጣዋል። ባቡሩ ሄዶ ተኩሱ ሲያበቃ ይሞታል፤ አንድ ቃል ሳይናገር ግን ሰውዬውን ዐውቀነዋል። ትዕግሥተኛ ነው፣ ጥማት ለምዷል፣ የሚቸኩልበት ነገር የለም።

በዚህ ላይ ለጓደኛችን መልስ የሚሆን ነገር ያገኘን ይመስለናል፤ ግን ግማሹን ብቻ። ስትሮድ ዝምታን የመረጠው ሰው አይደለም፤ የተሰጠው ነው። ዝምታው ውብ ነው ብለን ብናሞግስ፥ ቃሉን የነፈጉትን ሰዎች ማመስገን እንዳይሆንብን እንፈራለን። ራትሌጅን ያየ ሰው ብዙ ንግግር ቢሰጠው ምን ሊሠራ ይችል እንደ ነበር ያውቃል። ነገር ግን የተሰጠው ያው ጥቂቱ ሆኖ ሳለ፥ ያንን ጥቂት ባዶ አድርጎ አላለፈውም።

ዉዲ ስትሮድ ታኅሣሥ 31 ቀን 1994 በካሊፎርኒያ በግሌንዶራ ከተማ ዐረፈ። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው የመጨረሻ ፊልሙ ለመታሰቢያው ተበርክቷል፤ በእርሱ ውስጥ ሬሳ ሣጥን የሚሠራ ሽማግሌ ነው። በዚያው በ1995 ሕፃናት ሁሉ የሚያውቁት የመጫወቻው የካውቦይ አሻንጉሊት «ዉዲ» በሲኒማ ሲቀርብ፥ ስሙ የተወሰደው ከዚሁ ሰው ነበረ።

ሦስቱ ዐረፍተ ነገሮች ያሉበትን ወረቀት ለጓደኛችን መልሰን ሰጥተነዋል። ደራሲዋም አንድ አራተኛ ልትጨምርለት እያሰበች ነው። ልምምዱ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ይቀጥላል።