«ከሆነ»፣ «ቢሆን ኖሮ» እና አንድ ታላቅ ቁጥር

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ በተለይም ሁኔታን የሚያመለክቱትን ግሦች አስተውሉ።

ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ሙሉ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል። 7 ብቸኛ ነው፤ 15 ግን ለ3 እና ለ5 ስለሚካፈል ብቸኛ አይደለም። አሁን ይህን ተመልከቱ፦

170141183460469231731687303715884105727

ይህ ባለ39 አሃዝ ቁጥር የሚገኘው 127 ሁለቶችን እርስ በርሳቸው አባዝቶ ከውጤቱ 1 በመቀነስ ነው። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሬን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ ቁጥሩ ብቸኛ መሆኑን ገለጸ፤ ማረጋገጫ ግን አላቀረበም። በዚያው ዝርዝር በተመሳሳይ መንገድ ከ67 እና ከ257 ሁለቶች የሚገኙትንም ብቸኛ ብሏቸው ነበር፤ ሁለቱም አይደሉም። ስለ 127 የተናገረው እውነት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1876 ያረጋገጠው ሌላው ፈረንሳዊ ኤዱዋር ሉካ ነው። ሉካ አካፋይ ፍለጋ አልሄደም። ቁጥሮችን በየተራ እየሞከረ በሰከንድ አንድ ጊዜ ቢያካፍል ኖሮ ሥራው ከአራት መቶ ቢሊዮን ዓመት በላይ በፈጀበት ነበር። ይልቁንም አንድን ትንሽ ቁጥር በራሱ እያባዛ፣ 2 እየቀነሰ፣ ለታላቁ ቁጥር ሲካፈል የሚተርፈውን ብቻ እየያዘ የሚቀጥል መፈተኛ አገኘ፤ በመጨረሻው ደረጃ ቀሪው 0 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው። እስከ 1951 ድረስ ከዚህ የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር አልታወቀም ነበር።

«ቢያካፍል ኖሮ» ያልተፈጸመን ነገር ያመለክታል፤ «0 ከሆነ» ግን ሊፈጸም የሚችልን። ጸሐፊን ይበልጥ የሚያሳስተው ሁለተኛው ነው። ጥገኛውና ዋናው ዐረፍተ ነገር ቦታ ሲለዋወጡ ጆሮ ልዩነቱን ሳያስተውል ያልፋልና። ስሕተቱም በሒሳብ ደብተር ብቻ ሳይሆን በክርክር ድርሰትም በብዛት ይታያል። አነጻጽሩ፦

ቁጥሩ ብቸኛ ከሆነ የሁለቶቹ ብዛትም ብቸኛ ነው።
የሁለቶቹ ብዛት ብቸኛ ከሆነ ቁጥሩም ብቸኛ ነው።

የመጀመሪያው እውነት ነው። የሁለቶቹ ብዛት 6 ቢሆን ቁጥሩ 63 ይሆናል። 6 ለ2 እና ለ3 ስለሚካፈል፣ 63ም ከ2 ሁለቶች ለሚገኘው 3 እና ከ3 ሁለቶች ለሚገኘው 7 ይካፈላል። ብዛቱ አካፋይ ባለው ቁጥር ሁሉ እንዲሁ ይሆናል። ሁለተኛው ግን ሐሰት ነው፤ 11 ብቸኛ ሲሆን፣ ከ11 ሁለቶች የሚገኘው 2047 የ23 እና የ89 ብዜት ነው። ሐሰቱን ለማቃናት ከጥቂት ለውጥ ጋር «ብቻ» የምትለውን ቃል በቦታዋ ማስገባት ይበቃል፦ «ቁጥሩ ብቸኛ ሊሆን የሚችለው የሁለቶቹ ብዛት ብቸኛ ሲሆን ብቻ ነው።»

መልመጃ

ከ23 ሁለቶች የሚገኘው 8388607 ለ47 ይካፈላል። ይህ ከላይ ካሉት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች የትኛውን ያፈርሳል? ሌላውንስ ለምን አይነካውም? መልሳችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ፤ በአንቀጹም «ከሆነ»ን እና «ቢሆን ኖሮ»ን አንዳንድ ጊዜ ተጠቀሙ።