የሣር ማጨጃው የበረዶውን ወራት እንዲያልፍ

በሚኒያፖሊስና በአካባቢዋ የሣር አጨዳ በኦክቶበር ማብቂያ ገደማ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ማሽኑ እስከ ኤፕሪል፣ አምስት ወር ያህል፣ ጋራዥ ውስጥ ይከርማል። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስበት አገር ተቀምጠው የሚነዱት የናፍጣ ማጨጃ ምን ይውጠው ይሆን ብለው ቢጨነቁ አይፈረድብዎትም። ሆኖም ብርድ ብቻውን ብረትን እምብዛም አይጎዳም። ዋናው ጠላት ውኃ ነው፤ በነዳጁ፣ በዘይቱ፣ በራዲያተሩና በባትሪው ውስጥ፣ እንዲሁም ከማሽኑ ሆድ ሥር በተለጠፈው ሣር ውስጥ ያለው ውኃ። ማሽኑ በየቀኑ ሲሠራ ሙቀቱና ንዝረቱ አብዛኛውን ያባርሩታል። ሲቆም ግን ውኃው ባለበት ተኝቶ ብረቱን ይበላል። ከዚህ በታች የምነግርዎትን ሁሉ በዚህ ዓይን ካዩት የሥራው ቅደም ተከተል ከየት እንደመጣም ይገባዎታል።

የሚጀመረው ከእጥበት ነው። ምላጮቹ የሚሽከረከሩበትን ሰፊ የብረት ሽፋን ባለሙያዎች ዴክ ይሉታል። በውስጡ የተጋገረው ሣር እርጥበት ይዞ ይቆያል፤ ከሥሩ ቀለሙ ይላጥና ብረቱ መዛግ ይጀምራል። ሞተሩን አጥፍተው፣ ቁልፉን ነቅለው፣ ማሽኑን በጠንካራ መደገፊያ ላይ ያሳርፉና ሣሩን ይፋቁት። በማሽኑ የራሱ ማንሻ ብቻ ተማምነው ሥሩ አይግቡ። ምላጮቹን አውጥቶ ለመሳልም ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። እጥበቱ ከሁሉ የሚቀድመው ውኃ ስለሚያስገባ ነው፤ በኋላ ሞተሩን ሲያስነሱት ያ ውኃ ይደርቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ነዳጁ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ናፍጣ ውስጥ ፓራፊን የሚባል ሰም አለ። ቅቤ በብርድ እንደሚረጋ ሁሉ ይህም ሰም ሙቀቱ ሲቀንስ ከፈሳሹ ይለይና ይረጋል፤ ብናኙም ፊልትሮውን ይደፍናል። በየትኛው ዲግሪ እንደሚጀምር እንደ ነዳጁ ቅይጥ ይለያያል። የሚኒሶታን ነገር ልዩ የሚያደርገው ሕጉ ነው። ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር በግዛቲቱ የሚሸጠው መደበኛ ናፍጣ 20 በመቶ ባዮዲዝል እንዲቀላቀልበት ይደነግጋል፤ በቀሩት ወራት መጠኑ ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ባዮዲዝል ከአትክልት ዘይት ወይም ከእንስሳት ስብ የሚሠራ ነዳጅ ነው። ከተራው ናፍጣ ይልቅ ቶሎ ይረጋል፤ ውኃም የበለጠ ይስባል። ስለዚህ በኦገስት የቀዱት ነዳጅ በማሽኑ ውስጥ ካለ እየሠሩ ይጨርሱት፤ የመጨረሻውን ቅጂ ከኦክቶበር ወዲያ ይግዙ።

እውነቱን ለመናገር ለሚቆም ማሽን የሰሙ መርጋት ትልቅ ጣጣ አይደለም፤ ሲሞቅ ተመልሶ ይቀልጣል። የከፋው ውኃው ነው። የነዳጅ ማጠራቀሚያው ግማሽ ጎዶሎ ከሆነ ባዶውን ቦታ አየር ይሞላዋል። አየሩ ቀን ሲሞቅና ሌሊት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እንፋሎት በግድግዳው ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ከዚያም ይንጠባጠባል። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ነዳጁ የሚሳበውም ከታች ነው። ይባስ ብሎ ውኃውና ናፍጣው በሚገናኙበት መስመር ላይ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባሉ፤ ኑሯቸው በውኃው፣ ምግባቸው ከናፍጣው ነው። የሚተዉት ልጋግ ፊልትሮውን ይዘጋዋል። ውኃው አልፎ ፖምፓው ጋ ከደረሰ ደግሞ ወጪው ሌላ ነው። ፖምፓው ነዳጁን በከፍተኛ ግፊት ወደ ሞተሩ የሚልክ ክፍል ሲሆን ብረቶቹ እጅግ ተቀራርበው የተገጠሙ ናቸው፤ በብዙዎቹ ማሽኖች የሚያለሰልሳቸውም ራሱ ናፍጣው ነው። ትንሽ ዝገት ይበቃቸዋል።

መፍትሔው ለአየሩ ቦታ አለመስጠት ነው። መጀመሪያ ነዳጅ ማቆያ መድኃኒትና ፀረ ሻጋታ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ይጨምሩ፤ ሁለቱም ለናፍጣ የተሠሩ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ከዚያ ናፍጣውን ሲሞሉት አብሮ ይደባለቃል። ነዳጁ ሲሞቅ የሚሰፋበት ትንሽ ቦታ ብቻ ይተዉ። ከመንገድ ውጪ ለሆነ ሥራ የሚሸጠው ቀይ ቀለም የተጨመረበት ናፍጣ የመንገድ ግብር ስለሌለበት ይረክሳል፤ ለማጨጃው ይሆናል። የናፍጣ መኪና ካለዎት ግን ለእሱ አይቅዱለት፣ ያስቀጣል።

የቤንዚን ማጨጃ ያለው ጎረቤት ነዳጁን አፍስሰህ ጨርሰው ሊልዎት ይችላል። ለእሱ ምክንያት አለው፤ ቤንዚን ቆሞ ሲከርም ካርቡሬተር ውስጥ ይጣበቃል። ናፍጣ ሞተር ግን ካርቡሬተር የለውም። ባዶ ሲቀር ፖምፓው ለእርጥብ አየር ይጋለጣል፤ መስመሩ አየር ስለሚይዝም በጸደይ ሞተሩ አልነሳ ብሎ ያደክምዎታል።

አሁን ማሽኑን ወደ ውጭ አውጥተው ያስነሱት፤ የሞተር ጭስ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ይገድላል። ሩብ ሰዓት ያህል ይሥራ፣ ምላጮቹም ይሽከርከሩ። በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ያገኛሉ። መድኃኒት የገባበት ነዳጅ እስከ ፖምፓውና ነዳጁን ወደ ሞተሩ እስከሚረጩት ኖዝሎች ይደርሳል፣ የእጥበቱ ውኃ ይበተናል፣ ዘይቱም ይሞቃል።

ሞቅ ያለ ዘይት ቀጥኖ ቆሻሻውን ይዞ ስለሚወርድ የሚቀየረው ወዲያው ነው፣ እጅ እንዳያቃጥል ብቻ ይጠንቀቁ። ብዙ ሰው ዘይቱን ለጸደይ ያስተላልፋል፤ እኔ አልስማማበትም። የበጋው ዘይት ጥቀርሻ፣ አሲድና ውኃ አጠራቅሟል፤ ከሞተሩ ውስጠኛ ብረቶች ጋር አምስት ወር አብሮ እንዲከርም ለምን ይተዉታል? ዘይቱንና ፊልትሮውን ለውጠው፣ አዲሱ እንዲዳረስ አንድ ሁለት ደቂቃ ያስነሱት። ከዚያ ግራሶ መቀበያዎቹን ሁሉ ይሙሉ፤ አዲሱ ግራሶ ወደ ኩሽኔታዎቹ የገባውን ውኃ ገፍቶ ያስወጣዋል።

ራዲያተሩ የሚከፈተው ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነው። ውኃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ የሞተሩን አካል ሊሰነጥቅ ይችላል። ኤቲሊን ግላይኮል የተባለው አንቲፍሪዝ ከውኃ ጋር እኩል ለእኩል ሲቀላቀል እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም። ብዙ ባደርግበትስ አይበሉ፤ ንጹሑ አንቲፍሪዝ ብቻውን በ13 ዲግሪ ገደማ ከዜሮ በታች ይረጋል። የሚፈስሰውንም ይጥረጉት፤ ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ለልጅም ለውሻም አደገኛ ነው።

ሞተሩን ዳግመኛ ስለማያስነሱት የባትሪው ተራ አሁን ይደርሳል። ናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በብልጭታ ሳይሆን አየሩን አምቆ በማጋል ነው፤ ያንን ለመጭመቅ ብዙ ኃይል ይፈልጋል። ስለዚህ ደካማ ባትሪ ከቤንዚኑ ይልቅ እዚህ ቶሎ ያጋልጣል። የሞላ ባትሪ አሲዱ ስለሚጠነክር በሚኒሶታ ብርድ አይረጋም፤ የተራገፈው ግን ወደ ተራ ውኃ ስለሚቀርብ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ላይ ረግቶ ሊፈነዳ ይችላል። ኔጌቲቩን ገመድ በመጀመሪያ ይፍቱ፤ ፖዘቲቩን ሲፈቱ ቁልፉ አካሉን ቢነካ እሳት አይረጭም። ከዚያ ሞልተው፣ በራሱ ጊዜ ከሚያቋርጥ ቻርጀር ጋር ያቆዩት።

በጃንዋሪ አንድ ቀን አስነስቼ ላሙቀው የሚል ሐሳብ ይመጣብዎታል። ይተዉት። የነዳጅ ቃጠሎ ራሱ እንፋሎት ያመነጫል፤ ሞተሩ በደንብ ሳይግል ከጠፋ ያ እንፋሎት አዲሱ ዘይት ውስጥ ውኃ ሆኖ ይቀራል። ይልቅ አይጦችን ያስቡ፤ የአየር ፊልትሮ ለጎጆ ይመቻቸዋል። የአየር ማስገቢያውንና የጭስ ማውጫውን በብረት ሱፍ ይድፈኑ፤ እንዳይረሳም መሪው ላይ ወረቀት ይለጥፉበት። አናቱን በጨርቅ ይሸፍኑ እንጂ በላስቲክ አይጠቅልሉት፤ ላስቲክ ጤዛውን አምቆ ይይዛል።

በጸደይ ቁልፉን ከማዞርዎ በፊት ድፍኑን ያውጡና ውኃ መለያውን፣ ማለትም ከነዳጅ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ትንሽ ጽዋ፣ ከታች ከፍተው ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ያፍስሱ።